ታላቅ ያጣ ሙያ፦ ስለ ሶሻል ወርከሮች ሥልጠና የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ተማሪዎቻችንን በየመሥሪያ ቤታችሁ ተቀብላችሁ የምታሠለጥኑ ባልደረቦች፣ ዘንድሮ የምትመረቁ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

«የሶሻል ወርክ ሙያዊ ማንነት»፣ ማለትም ችግር የገጠማቸውን ሰዎችና ቤተሰቦች የመደገፍ ሙያ ማንነት፣ የሚለው ርዕስ ሲሰጠኝ ትንሽ ፈራሁት። እንዲህ ያለ ንግግር ብዙውን ጊዜ ውዳሴ ይሆናል፤ ተናጋሪው ሙያውን ያሞግሳል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ በማግሥቱ ሁሉም ወደ ፋይሉ ይመለሳል። ስለዚህ ሁላችሁም ከምታውቁት ከሥራ ማስታወቂያ ልነሣ። «ተፈላጊ የትምህርት ደረጃ፦ በሶሻል ወርክ፣ በሶሺዮሎጂ፣ በሳይኮሎጂ ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ።» ነርስ ሲፈለግ «በነርሲንግ፣ በባዮሎጂ ወይም በተዛማጅ መስክ» የሚል ማስታወቂያ ያየ ካለ እጁን ያውጣ።

ይህን ስናነብ እንበሳጫለን። እኔም ስበሳጭ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ለቀጣሪው ጥብቅና ልቁምለት። ቀጣሪው ከዚህ በፊት አንድ የሶሺዮሎጂ፣ አንድ የሳይኮሎጂ፣ አንድ የሶሻል ወርክ ምሩቅ ቀጥሮ አይቷል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቅጽ ሞልተዋል፣ አንድ ዓይነት ሪፖርት ጽፈዋል፣ ለለጋሹ ድርጅት አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ልከዋል። ያላየውን ልዩነት ለምን አልጻፈም ብለን ልንፈርድበት አንችልም። ሦስቱ ምሩቃን የአንድን ቤት ደጃፍ ሲያንኳኩ የእኛዋ ልጅ የተለየ ነገር እንድታደርግ ያሠለጠናት ማን ነው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ብዙ ጊዜ ማንም አላሠለጠናትም። ክፍል ውስጥ አስተምረናታል፤ ሥራዋን እያየ የሚያርማት ታላቅ ግን አላቆምንላትም።

ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። በ1915 (ዛሬ ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ አሜሪካዊ በባልቲሞር በተካሄደ የበጎ አድራጎት ሠራተኞች ጉባኤ ላይ እንዲናገር ተጋበዘ። ሰውየው ከ5 ዓመት በፊት ባወጣው ጥናት የአገሩን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ያንቀጠቀጠ ነው፤ ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ተዘግተዋል። የጉባኤው ሰዎች «እናንተም እንደ ሐኪሞቹ ባለሙያ ናችሁ» ቢላቸው ደስ ባላቸው ነበር። እርሱ ግን ገና አይደላችሁም አላቸው። ሶሻል ወርከር ችግረኛውን ከሐኪም፣ ከጠበቃ፣ ከመምህር ጋር ያገናኛል እንጂ የራሱ ብቻ የሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በትምህርት የሚተላለፍ ዘዴ የለውም ነው ክርክሩ።

ከዚያ በኋላ የሙያው ሰዎች ዓመታት ሙሉ ተብሰለሰሉ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው መልስ የሜሪ ሪችመንድ ነው። ሪችመንድ ኮሌጅ ገብታ የተማረች ሴት አልነበረችም። በ1917 ባሳተመችው መጽሐፍ አንድ ቤተሰብ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ማስረጃ ከወሬ እንዴት እንደሚለይ፣ ዘመድና ጎረቤት የሚሰጡት ቃል እንዴት እንደሚመዘን በዝርዝር አስቀመጠች። ይህን ከራሷ አላመነጨችውም፤ በልዩ ልዩ ድርጅቶች የሚሠሩ ባልደረቦቿ የጻፏቸውን የጉዳይ ፋይሎች ሰብስባ፣ እያንዳንዱን ርምጃ እየመረመረች ነው ያወጣችው። ስለ ክብር አልተሟገተችም። ሥራው ራሱ እንዲነበብና እንዲታረም አደረገች። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

በእኛ አገር የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1959 ነው፤ በመጀመሪያ የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ይሰጥ ነበር። በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የዩኒቨርሲቲው አካል ሆነ፣ ቆይቶም በዲግሪ ማሠልጠን ጀመረ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ግን ተዘጋ፤ ትምህርቱም ወደ ሶሺዮሎጂ ተጠቃለለ። የዘመኑ አስተሳሰብ ድህነትን የሚፈታው አብዮቱ ነው የሚል ነበርና የአንድን ቤተሰብ ችግር ቁጭ ብሎ የሚያደምጥ ባለሙያ ቦታ አልነበረውም። በሩ እንደገና የተከፈተው በ2004 ነው።

መካከሉን አስቡት፤ ወደ 30 ዓመት ገደማ። ቀይ ሽብር በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው። የ1984ቱና የ1985ቱ ረሃብ፣ የጦርነቱ ተፈናቃይና ተመላሽ ወታደር፣ ከዚያም በኤችአይቪ ወላጆቹን ያጣ ሕፃን ሁሉ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው። ሶሻል ወርከር ከምንጊዜውም በላይ ባስፈለገበት ዘመን ሶሻል ወርከር የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አልነበረንም። ደግነት ግን አልጠፋም። በ1980 ወይዘሮ አበበች ጎበና ለመሳለም ወደ ግሸን ማርያም ሄደው በረሃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ሲመለሱ ማንም የሥራ መዘርዝር አልሰጣቸውም። መነኮሳት፣ ነርሶች፣ መምህራን፣ የእድር ዳኞች የቻሉትን ሁሉ ሠርተዋል። በ30 ዓመቱ የተቆረጠው ሌላ ነገር ነው፤ አንዱ ሠራተኛ ያየውን ለተከታዩ የሚያስረክብበት ሰንሰለት ተቆረጠ።

በ2004 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ሲመልስ የጀመረው ከማስተርስ ነበር። ፕሮፌሰር ዓብዬ ጣሴ ትምህርት ቤቱን መሩት፤ በቺካጎ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በጄን አዳምስ ስም የሚጠራው ኮሌጅም አጋር ሆነ። በዚያው ዓመት ፕሮፌሰር ዓብዬ የዓለም አቀፉ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ትምህርቱ ገና እንደገና እየተወለደ ላለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከማስተርሱ ቀጥሎ ዶክትሬቱ መጣ፣ የመጀመሪያ ዲግሪው ከሁሉ በኋላ ተከተለ። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ቢመስልም ምክንያት ነበረው፤ መምህር ሳይኖር ተማሪ መቀበል አይቻልም። ከዚያ በኋላ ጎንደርና ባሕር ዳርን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተከተሉ፤ በሕንዱ ኢንዲራ ጋንዲ ክፍት ዩኒቨርሲቲ በኩልም በርቀት የተማሩ ብዙዎች ናቸው። ምናልባት እዚህ አዳራሽ ውስጥም አሉ።

እናም መምህራንን አፈራን። በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ፣ ከተማሪው 15 ዓመት ቀድሞ በር ሲያንኳኳ የኖረ አሠልጣኝ ግን በማስተርስ ፕሮግራም አይፈራም፤ ዕድሜ ይፈልጋል። በ1960ዎቹ የተመረቁት ታላላቆቻችን ወይ ጡረታ ወጥተዋል፣ ወይ ተሰደዋል፣ ወይ በሌላ ሥራ አርጅተዋል። ስለዚህ ተማሪያችን ለመስክ ልምምድ ደብዳቤ ይዛ ስትሄድ የሚቀበላት ኃላፊ መልካም ሰው ነው፤ ሆኖም ሙያው ማኔጅመንት ነው ወይም ሒሳብ ነው። ምን እንደሚያሠራት ስለማያውቅ ፎቶ ኮፒ ያስነሣታል፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያስይዛታል፣ በመጨረሻም «ታታሪና ታዛዥ ነች» የሚል የምዘና ቅጽ ሞልቶ ይልክልናል። ታዛዥ! ለሶሻል ወርከር ከዚህ የከፋ ውጤት መስጠት ይቸግራል።

ወደ ፍሌክስነር ጥያቄ ልመለስና የእኛ ብቻ የሆነው ምን እንደሆነ ላሳይ። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት የተቋቋመውን የአንድ ማዕከል አገልግሎት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሐሳቡ ተጎጂዋ ከጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ፍትሕ ቢሮ እንዳትንከራተት የሕክምናው፣ የፖሊሱና የዐቃቤ ሕጉ አገልግሎት አንድ ቦታ እንዲገኝ ነው። ፍሌክስነር ቢያየው «ሁሉም እዚህ ከተገናኙ ለአገናኙ ምን ቀረለት?» ማለቱ አይቀርም ነበር።

አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በጎረቤት ተደፍራ ከእናቷ ጋር እንዲህ ወዳለ ማዕከል መጣች እንበል። ሐኪሙ ይመረምራል። ፖሊሷ ቃል ትቀበላለች። ዐቃቤ ሕጉ የወንጀል ሕጉን ይከፍታል። ሦስቱም ሥራቸውን አሳምረው ቢሠሩ እንኳ ማንም ያልነካቸው ጥያቄዎች ይቀራሉ። ልጅቷ ዛሬ የምታድረው የት ነው? ተጠርጣሪው የሚኖረው እዚያው ግቢ ከሆነስ? ቤቱን ያከራየው አጎቱ ከሆነስ? አባትየው ገና አልሰማም፤ ሲሰማ የሚጮኸው በማን ላይ ነው? ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሽማግሌ ይላካል። «የልጅቷን ስም አታጥፉ፣ ነገም አብራችሁ ኗሪ ናችሁ፣ በካሣ እንጨርሰው» ይባላል። የሚላኩት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። የእድሩ የተከበሩ አባቶች ናቸው፤ እናትየው ነገ አንድ ነገር ብትሆን ድንኳን የሚተክሉላት እነርሱ ናቸው። ብዙ ክስ የሚሞተው እዚህ ቦታ ላይ ነው። የሕክምናው ማስረጃ እንዳለ ነው፣ ምስክር አለ፤ እናትየው ግን ብቻዋን ናት።

ይህን አስቀድማ የምታየው ሶሻል ወርከሯ ናት፣ ወይም መሆን ነበረባት። ሽማግሌው ከመምጣቱ በፊት ከእናትየው ጋር ቁጭ ብላ «ሊመጡ ይችላሉ፤ ሲመጡ ምን ትያለሽ?» ብላ አብራት ታስባለች። ከእነዚያ ከእድሩ አባቶች መካከል ልጅ ያሳደገ፣ ለእውነት የሚቆም አንድ ሰው ይኖር እንደሆን ትጠይቃለች። የአክስትየው ቤት ለማደሪያ ታስቧል ከተባለ ሄዳ ታየዋለች፤ ስንት ሰው እንደሚኖርበት፣ ማን የት እንደሚተኛ ሳታይ ወደዚያ አትልካትም። ልጅቷ ታሪኩን ለአራት ሰው አራት ጊዜ እንዳትናገር ትከላከላለች። ለትምህርት ቤቷ ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገር ከልጅቷ ጋር ትወስናለች። ፍርዱ ከተሰጠና ሌላው ሁሉ ፋይሉን ከዘጋ በኋላም በሩን ታንኳኳለች። መማሪያ መጻሕፍቱ ሰውን ከነአካባቢው ማየት የሚሉት ይህን ነው። ለፈተና የምታጠኑት ያ ሥዕል፣ መሐል ላይ ሰው፣ ዙሪያውን ቤተሰብ፣ ሰፈር፣ ሕግ፣ ሃይማኖት ያለበት ክብ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ሥጋ ለብሶ ይታያል።

አንድ የዕድር ሰብሳቢ ከዓመታት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ «ይህን ሁሉ እኮ ጎረቤትም ያውቀዋል» ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ጎበዝ ጎረቤት ከብዙ ምሩቅ ይሻላል። ነገር ግን ጎረቤት ሲረዳችሁ ውለታ ይገባችኋል፤ ውለታ ደግሞ አፍ ይዘጋል። ለጎረቤት የተነገረ ገመና መቼ፣ በምን ቡና ላይ እንደሚወጣ አይታወቅም። ጎረቤትየዋ ከተሳሳተችም የሚጠይቃት የለም። ሶሻል ወርከሯ የምታቀርበው እርዳታ ውለታ የሌለበት ነው፤ የሰማችውን በምስጢር ትይዛለች፣ ካጠፋችም ተጠያቂ ናት። ልዩነቱ እነዚህ ናቸው፤ ሦስቱንም ደግሞ ማጥፋት በጣም ቀላል ነው።

እንዴት እንደሚጠፋ ላሳያችሁ። በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ተማሪ ለልምምድ በሄደችበት ቤት የታመመች እናትና የተራቡ ልጆች ታገኝና ከኪሷ ገንዘብ አውጥታ ትሰጣለች። አትቆጧት። እኔም እንዲህ የሚያደርገውን ተማሪ ከማያደርገው አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ሳይጨነቅ ቅጽ ሞልቶ የሚወጣው ያስፈራኛል። ነገር ግን በሚቀጥለው ሳምንት የሆነውን እንመልከት። ተማሪዋ ስትመለስ ቡና ተፈልቷል፣ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። እናትየው «ልጄ» ትላታለች። የመድኃኒቱን ነገር ስትጠይቃት «እየወሰድኩ ነው» ትላለች፤ ግን አልወሰደችም። ለዚች ደግ ልጅ መጥፎ ዜና መንገር ነውር ሆኖባታል። ተማሪዋ ገንዘብ ሰጥታ እውነቱን አጣች። ይህን ለማስተዋል ደግሞ አንድ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ «ባለፈው ሳምንት ያላለችሽን ምን አለችሽ? ያለችሽንስ ምን ተወች?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ብቻዋን ብትሆን የምታየው የቡናውን ጭስ ብቻ ነው።

ያዙልኝ ያልኳችሁን የሪችመንድን ነገር አስታውሱ፤ ሥራው ራሱ እንዲነበብና እንዲታረም የሚያደርግ አሮጌ መሣሪያ አለን። ተማሪው ከባለጉዳዩ ጋር ያደረገውን ንግግር ወደ ቢሮ እንደተመለሰ ወዲያው ቃል በቃል ይጽፋል፤ በአንድ ወገን የተባለውን፣ በሌላው ወገን እርሱ በዚያ ቅጽበት የተሰማውንና ያሰበውን። ከዚያ ከአሠልጣኙ ጋር ተቀምጠው መስመር በመስመር ያነቡታል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ይጠሉታል፤ ረጅም ነው፣ አሰልቺ ነው፣ ያጋልጣል። የማጋለጡን ነገር አልክድም።

አንድ ምሳሌ ላንብብላችሁ፤ ስምና ሰፈር የለውም። ተማሪው በማጠቃለያው «ቤተሰቡ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ ጽፏል። ወደ ንግግሩ ስንመለስ እናትየው «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ያለችው ሦስት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ሰላምታ ነበር፤ ይህን እንለፈው። ሁለተኛውን ያለችው ስለ ትልቁ ልጅ ሲጠይቃት ነው። ሦስተኛውን ያለችው ስለ ባሏ ሲጠይቃት ነው፤ ወዲያውም ተነሥታ ልብስ ማጠፍ ጀመረች። በሌላው ወገን፣ የተማሪው ስሜት በሚጻፍበት ቦታ ላይ፣ «ትንሽ ደንገጥ አልኩ፣ ሌላ ጥያቄ ቀየርኩ» ይላል። ሁላችንም የዚህ አገር ልጆች ነን፤ በዚህ አገር ልጁ የሞተበት ሰውም «እግዚአብሔር ይመስገን» እንደሚል እናውቃለን። ተማሪው ይህን ከእናቱ ቤት ጀምሮ ያውቀዋል። ሶሻል ወርከር ሆኖ ሲገባ ግን የሚያውቀውን ሁሉ ደጅ ትቶ ቅጹን ብቻ ይዞ ገባ። አሠልጣኙ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ልብስ ማጠፍ ስትጀምር ለምን ጥያቄ ቀየርክ?» ተማሪው ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ትነግረኛለች ብዬ ፈርቼ» አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ልጅ ሶሻል ወርከር መሆን ጀመረ እላለሁ። ከዚያ በፊት ያነበበው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ግን የራሱ ፍርሃት ምን እንዳስቀረበት በዓይኑ አላየም ነበር። የቅኔ ቤት ሥርዓትን የምታውቁ ይህ አዲስ አይሆንባችሁም። ተማሪው ቅኔውን ያዘጋጃል፣ ሄዶ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታም ያርሙታል፤ ተመልሶ ይሠራል፣ እንደገና ይነግራል። የኔታን ያላገኘ ሰው ግሡን ሁሉ ቢያጠናም ባለቅኔ አይሆንም። እኛ ለተማሪዎቻችን ግሥ አስጠንተን የኔታ ሳንሰጣቸው አስመረቅናቸው።

ማንም የማያርመው ባለሙያ ምን ሊደርስበት እንደሚችል የቅርብ ታሪካችን ያሳያል። በ2000ዎቹ ኢትዮጵያ ሕፃናትን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች ከፊተኞቹ አንዷ ሆና ነበር፤ በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ወደ 2,500 ገደማ ሕፃናት ሄደዋል። ለብዙ የእኛ ምሩቃን የመጀመሪያ ደመወዝ የተከፈለው ከዚህ ሥራ ነው። የማንንም ድርጅት ስም አልጠራም፣ ባልደረቦቼንም አልከስም፤ ብዙዎቹ በቅን ልቦና ሠርተዋል። ሥራው የሕፃኑን ታሪክ መጻፍ፣ የቤተሰቡን ሁኔታ ማጥናት፣ የወላጅን ፈቃድ ማረጋገጥ ነበር። ፎርሙ ሙሉ ነበር፤ ፊርማው ነበር፣ የጣት አሻራው ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ልጃቸው ተምሮ እንደሚመለስ፣ ደብዳቤ እንደሚጽፍ፣ ቤተሰቡን እንደሚረዳ አምነው የፈረሙ ወላጆች መናገር ጀመሩ። እንዲህ ያለው መለያየት ልጁ በሚሄድበት አገር ሕግ የወላጅነትን መብት ሊያቋርጥ እንደሚችል አልገባቸውም ነበር። በመጋቢት 2011 መንግሥት በቀን የሚታዩትን ፋይሎች ወደ 5 ዝቅ አደረገ፤ በ2018 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዲፈቻን አገደ።

ከዚህ ውስጥ ለሥልጠና የሚሆነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ያን ሪፖርት የጻፈችው ሶሻል ወርከር ባለጉዳይዋ ማን ነበር? ሕፃኑ ነው? ገጠር ያለችው እናት ናት? ልጅ የሚጠብቁት ባልና ሚስት ናቸው? ደመወዝ የሚከፍለው ድርጅት ነው? አራቱም የየራሳቸው ፍላጎት አላቸው፤ አራቱም እርስዋ የምትጽፈውን አንድ ገጽ ይጠብቃሉ። መጽሐፉ መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግራታል፤ የሕፃኑ ጥቅም ይቀድማል ይላል። ቢሮ ውስጥ ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ኃላፊው ፋይሉን እየጠበቀ ነው፣ እናትየው ከሩቅ መጥታ ኮሪደር ላይ ተቀምጣለች፣ የኪራይ ቀን ደርሷል። ያን ጊዜ «ይህ ፋይል ዛሬ አይፈረምም፤ እናትየው የፈረመችበት ምን እንደሆነ በራሷ ቃል አልነገረችኝም» ለማለት አጥንት ያስፈልጋል። ያ አጥንት የሚገኘው ከዚያ በፊት አንድ ሰው እንዲህ ሲል አይቶ፣ ወይም ደውሎ የሚያማክረው ታላቅ ኖሮት ነው።

ፈቃድና ምዝገባን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፤ ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ ስለሆነ። በእንግሊዝ «ሶሻል ወርከር» የሚለው መጠሪያ ከ2005 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያልተመዘገበ ሰው ራሱን እንዲህ ብሎ መጥራት አይችልም። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከ1978 ጀምሮ የሙያው ሕግ አላት። እኛም እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖረን እወዳለሁ። ግን ነገ ጠዋት ቢታወጅ ማንን እንመዘግባለን? ፎቶ ኮፒ ሲያነሣ ልምምዱን የጨረሰውን? መጠሪያው ይጠበቃል፣ የሚጠበቅለት ሥራ ግን አይኖርም። ቅደም ተከተሉ ላይ ነው የምከራከረው። አሜሪካ የሚኖሩ፣ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለእኛው ማኅበረሰብ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሶሻል ወርከሮችን ስለ ትምህርታቸው ብትጠይቋቸው አስቀድመው የሚነግሯችሁ ስለ ፈቃዱ ፈተና አይደለም። ስለ ልምምዳቸው ነው። በዚያ አገር የማስተርስ ተማሪ ቢያንስ 900 ሰዓት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ቢያንስ 400 ሰዓት በመስክ መሥራት አለበት። ከሰዓቱም ይልቅ የሚያስቀናው በየሳምንቱ ከአንድ ነባር ሶሻል ወርከር ጋር ስለ ሠሩት ሥራ የሚቀመጡበት ጊዜ መኖሩ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ተመልከቱ። ከ2003 ጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ተሰማርተዋል። ሥልጠናቸው በመጀመሪያ አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ግን ወደ አንድ ቤት ስትገባ ሁሉም ማን እንደሆነች፣ ምን ልትጠይቅ እንደመጣች ያውቃል። ከእኛ ዲግሪ ይልቅ የእርስዋ ማንነት ግልጽ ነው። የሚከታተላት ሰው አላት፣ ጥያቄ ሲያጋጥማት የምትወስድበት ጤና ጣቢያ አላት። የእኛው ልጅ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ ብትገባ ወይም ሕፃናት ማሳደጊያ ብትቀጠር ጥያቄዋን የት ትወስዳለች?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ጥቂት ነገሮች ናቸው፤ አንዳቸውም በጀት አይጠይቁም ባልልም ብዙ አይጠይቁም።

መምህራን፣ ከዚህ ቀደም ያስመረቃችኋቸውን ፈልጉ። ከ2004 ወዲህ የተመረቁት ዛሬ ታላላቅ መሆን የሚችሉበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል፤ ያ የተቆረጠ ሰንሰለት አሁን በእጃችን ነው። ተማሪ ስትመድቡ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሶሻል ወርከር ከሌለ፣ ከውጭ አንድ ምሩቅ በሳምንት አንድ ቀን ከተማሪዋ ጋር የሚቀመጥበትን ውል አብራችሁ አዘጋጁ። የምዘና ቅጻችሁንም እንደገና ተመልከቱት። «ታዛዥነት» የሚለውን ረድፍ ሰርዙ። በምትኩ «ተማሪው በዚህ ወር ውስጥ ያልተስማማበትን ውሳኔ ለአሠልጣኙ እንዴት አቀረበ?» የሚል ጥያቄ አስገቡ።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ተማሪ ስትቀበሉ ነፃ ጉልበት መጣልን አትበሉ። ነባሩ ሠራተኛችሁ ተማሪን የሚያሠለጥን ከሆነ ከሚይዛቸው ፋይሎች ጥቂት ቀንሱለት። ሳይቀንሱ «አሠልጥን» ማለት ተማሪዋን መልሶ ወደ ፎቶ ኮፒው መስደድ ነው።

ተመራቂዎች፣ እናንተ የምትቀጠሩበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ አይኖርም። ብቻዬን ነኝ ብላችሁ አትቀመጡ። ዘንድሮ አብራችሁ የተመረቃችሁ አምስት ስድስት ሰዎች በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ተገናኙ። ሻይ ቤት አትገናኙ፤ የባለጉዳይ ነገር ሻይ ቤት አይነሣም። የአንዱ ቢሮ ወይም የአንዱ ቤት ይሁን። በየተራ አንድ ሰው አንድ ፋይል ያቅርብ፤ ስም፣ ሰፈርና መለያ የሚሆን ማንኛውም ነገር ተሰርዞ። ያቀረበው ሰው ምን እንዳደረገ ብቻ ሳይሆን ምን ማድረግ ፈርቶ እንደተወ ይናገር። የተቀሩት ምክር ከመስጠታቸው በፊት ለአሥር ደቂቃ ያህል ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ። ይህ የመጨረሻው ደንብ ከሁሉ ይከብዳችኋል፤ እኛ ምክር የምንወድ ሕዝብ ነን። ሁለት ሦስት ጊዜ ከሞከራችሁት በኋላ ግን ቀላል ይሆናል። የምትሞሉትን ቅጽ ለጀማሪ ቡድኖች አባዝቼ አምጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ።